ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በምን ይወዳደሩ? ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ

ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ውጤት ይፋ ሲያደርጉ አገሩ ደነገጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በተሰጠው ፈተና 896,520 ተማሪዎች ተቀምጠው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። ተማሪ ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች ውስጥ ደግሞ 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዓመቱ የዜሮዎቹ ቁጥር ወደ 1,328 ከፍ አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚደረግ ወሬ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይጀምራል፤ «ስንት አሳለፈ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ብቻውን ሲቀር ግን ወላጅን ያሳስታል፣ መምህርን ይበድላል፣ ኃላፊንም ያለ ሥራ ያስመሰግናል። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በቦረና፣ በከለላ፣ በወግዲ፣ በለጋምቦና በመቅደላ ወረዳዎች ለሚኖር ሰው ይህ የጽሕፈት ቤት ክርክር አይደለም። ልጁ ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰ ገበሬ በክረምቱ ውስጥ ይወስናል፦ ቅርብ ወዳለው አዲስ ሁለተኛ ደረጃ ይላከው? በወረዳ ከተማ፣ በመካነ ሰላም ወይም በአቀስታ፣ ቤት ይከራይለት? ወይስ ደሴ ካለ ዘመድ ዘንድ ያስጠጋው? ውሳኔው ብር ነው፣ ስንቅ ነው፣ ከእርሻና ከከብት ጥበቃ የሚጎድል ጉልበት ነው። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ሌላም ስጋት ይጨመርበታል። ወላጁ በእጁ ያለው መረጃ ግን የጎረቤት ወሬና አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

አማራጩ ራሱ ቅርብ ጊዜ የመጣ ነው። ለረጅም ዘመን ሁለተኛ ደረጃ መማር የፈለገ የወሎ ገጠር ልጅ መዳረሻው ደሴ ነበር። በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስሂን ሚካኤል ስም የተጠራው ትምህርት ቤት ስሙ ከወሎ አልፎ የተሰማው ከየአውራጃው ተመርጠው የመጡ ልጆችን ሰብስቦ ስላስተማረ ነው። ዛሬ ያ ግቢ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል፤ የሁለተኛ ደረጃው ሸክም ሆጤንና መምህር አካለ ወልድን ለመሳሰሉ የደሴ ትምህርት ቤቶችና በየወረዳው ለተከፈቱት ተላልፏል። ከደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው መካነ ሰላም የራሷ ሁለተኛ ደረጃ አላት። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም አንዱን ግቢ በዚያው፣ ሌላውን በቱሉ አውሊያ ከፍቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ መጻሕፍት ያከማቹበት የመቅደላ አምባ ስም ዛሬ በዲግሪ ላይ ይታተማል።

መስፋፋቱ ትልቅ ድል ነው። ይህን ሳይቀበሉ ስለ ጥራት ማውራት ለሃያና ሠላሳ ዓመት በድንጋይ ካብ፣ በጉልበትና በመዋጮ ትምህርት ቤት ያቆመውን ሕዝብ መዘንጋት ይሆናል። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው የአማራ ልማት ማኅበር፣ ሰው አልማ የሚለው፣ ለመማሪያ ክፍል ግንባታ ከገበሬውም ከመንግሥት ሠራተኛውም ገንዘብ ሲሰበስብ ኖሯል። ችግሩ ግንባታው ሳይሆን ከግንባታው በኋላ የመጣው ነው። በ2012 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቀር 9ኛና 10ኛን ብቻ ያስተምሩ የነበሩ የገጠር ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ 11ኛንና 12ኛን መያዝ ጀመሩ። ቀድሞ «መሰናዶ» የሚባለው እርከን በጥቂት ከተሞች ተወስኖ፣ የ10ኛ ክፍል ፈተና ያጣራቸውን ብቻ ይቀበል ነበር። አሁን ያ ማጣሪያ የለም። ፊዚክስና ኬሚስትሪ ያለ ቤተ ሙከራ ሊያስተምር የተገደደ አዲስ ትምህርት ቤት ከነባሩ የከተማ ትምህርት ቤት ጋር እኩል ፈተና ይቀመጣል፤ ውጤቱም በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ከላይና ከታች ይጻፋል።

እንግዲህ ቁጥሩን ራሱን መመርመር ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሚያሳስተው የትምህርት ቤቱ ትንሽነት ነው። አገር አቀፉ የማለፍ መጠን 3.3 ከመቶ በሆነበት ዓመት 40 ተማሪ ብቻ ያስፈተነ ትምህርት ቤት ይታሰብ። ተማሪዎቹ ልክ እንደ አገሪቱ አማካይ ናቸው እንበል፤ የባሱም የተሻሉም አይደሉም። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በአጋጣሚ ብቻ ዜሮ የማሳለፍ ዕድሉ ከአራት አንድ ያህል ነው። ያስፈተነው 20 ከሆነ ዕድሉ ከግማሽ በላይ ይሆናል። 300 ያስፈተነ ትምህርት ቤት ግን ዜሮ ካመጣ በአጋጣሚ አይደለም፤ ውስጡ የተበላሸ ነገር አለ። በ2014ቱ ፈተና አንድ ትምህርት ቤት በአማካይ ወደ 300 ተማሪ ነበር ያስፈተነው፤ ስለዚህ 1,161ዱን ሁሉ በዕድል ማመካኘት አይቻልም፣ ከባዱ እውነት ያው ከባድ ነው። ነገር ግን ሠላሳና አርባ ልጅ ያስፈተነን የቆላ ቀበሌ ትምህርት ቤትና በመቶዎች ያስፈተነን የከተማ ትምህርት ቤት «ሁለቱም ዜሮ» ብሎ በአንድ ስብሰባ ላይ ማስነሣት ፍርደ ገምድልነት ነው። ያው ትንሽ ትምህርት ቤት በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ልጅ ቢያሳልፍ ከመቶ 5 ሆኖ ይሸለማል። መምህራኑ ያው፣ መጽሐፉ ያው፣ ክፍሉም ያው ነው።

ሁለተኛው የዘርፍ ጉዳይ ነው። በዚያው ዓመት በተፈጥሮ ሳይንስ ከተፈተኑት 339,642 ተማሪዎች 22,936 አልፈዋል፣ ከመቶ 6.8። በማኅበራዊ ሳይንስ ከተፈተኑት 556,878 ግን ያለፉት 6,973 ናቸው፣ ከመቶ 1.3 ብቻ። አንድ መቶ ተማሪ የሚያስፈትኑ ሁለት ትምህርት ቤቶች ይወሰዱ፤ ሁለቱም በየዘርፉ ልክ የአገሪቱን አማካይ ያመጣሉ። አንዱ 60 የተፈጥሮና 40 የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ካለው ከመቶ 4.6 ያህል ያሳልፋል። ሌላው 30 እና 70 ከሆነ ወደ 3 ይወርዳል። ብቃታቸው እኩል፣ ደረጃቸው ግን የተለያየ ይሆናል። የሳይንስ መምህርና ቤተ ሙከራ ያጣ የገጠር ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ሲያጎርፍ ጉድለቱ ሁለት ጊዜ ይቆጠርበታል ማለት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ማን እንደተፈተነ እንጂ ማን እንደቀረ አይቆጠርም። ሁለት ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው 200 ልጅ በ9ኛ ክፍል ተቀበሉ እንበል። በመጀመሪያው ትምህርት ቤት አራቱን ዓመት ዘልቀው የተፈተኑት 60 ሲሆኑ 6 አለፉ፤ ከመቶ 10። በሁለተኛው 150 ተፈትነው 9 አለፉ፤ ከመቶ 6። ሰንጠረዡ የመጀመሪያውን ያስቀድማል። ከተቀበሏቸው 200 ልጆች አንጻር ሲታይ ግን መጀመሪያው ከመቶ 3፣ ሁለተኛው ከመቶ 4.5 አሳልፈዋል። ከዚህም በላይ ሁለተኛው ትምህርት ቤት ዘጠና የሚሆኑ ተጨማሪ ልጆችን እስከ 12ኛ ክፍል አቆይቷል። እነዚያ ልጆች ባያልፉም ለዐረብ አገር ስደት፣ ያለ ዕድሜ ለሚደረግ ጋብቻና ለቀን ሥራ አልተጣሉም። ማቆየቱ ራሱ ሥራ ነው። ቁጥሩ ግን ይህን ሥራ ይቀጣል፤ ደካማውን ተማሪ በ10ኛና በ11ኛ ክፍል ማራገፍ የትምህርት ቤቱን መቶኛ ከፍ ያደርጋልና።

ይኸው ጉዳይ በአገር ደረጃም ይታያል። የማለፍ መጠኑ ከ2014 ዓ.ም. 3.3 እና ከ2015 ዓ.ም. 3.2 በኋላ በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። ያለፉትም ከ29,909 ወደ 48,929 መጨመራቸው እውነተኛ መሻሻል ነው፣ ሊመሰገን ይገባል። ግን በዚሁ ጊዜ የተፈታኙ ብዛት ከ896,520 ወደ 585,882 ወርዷል፤ ከ310 ሺህ በላይ ቀንሷል። የ2017ቱ አላፊዎች በ2014ቱ ተፈታኝ ብዛት ቢካፈሉ 5.5 እንጂ 8.4 አይመጣም። ከጎደሉት መካከል ግጭት ከትምህርት ያስቀራቸው የአማራ ክልል ልጆች አሉበት።

አራተኛው የ50 ከመቶ መስመሩ ራሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት መቁረጫ ነጥብ ያስፈልጋል፤ ትምህርት ቤትን ለመመዘን ግን መስመሩ ዓይን ይጋርዳል። ተማሪዎቹን ከ25 ወደ 45 ያደረሰ መምህር በመዝገቡ ላይ «ዜሮ» ነው። 49 የነበረን አንድ ልጅ ወደ 51 የገፋ ግን «አንድ አሳለፈ» ይባላል። ከ50 በታች ካመጡት ውስጥ የተወሰኑት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለማካካሻ (ሪሚዲያል) ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባታቸው፣ ከመስመሩ በታች ያለው ነጥብም ዋጋ እንዳለው መንግሥት ራሱ የተቀበለ መሆኑን ያሳያል። የትምህርት ቤቱ አማካይ ነጥብ በየትምህርቱ ቢገለጽ ከማለፍ መጠኑ ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ ሒሳብ ላይ ወድቆ ባዮሎጂ ላይ የቆመ ትምህርት ቤት ችግሩ የት እንዳለ ያውቃልና።

ከ2014 በፊት ያለውን ውጤት ከአሁኑ ጋር ማወዳደር ደግሞ ጨርሶ አያዋጣም። ፈተና በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥ ኩረጃና ስርቆት ውጤቱን አበላሽተውት ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው ፈተና አገር አቀፍ ፈተናውን እስከ ማሰረዝ ደርሷል። «ድሮ እኮ ብዙ እናሳልፍ ነበር» የሚል ርዕሰ መምህር የድሮው ፈተና ከአሁኑ ጋር አንድ እንዳልነበረ ማስታወስ አለበት።

ከቁጥሩ ጀርባ ልጁ አለ። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ማን ነበር?

በየክልሉ ከፍተኛ ውጤት የሚያስመዘግቡ ትምህርት ቤቶች ሲጠሩ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶችና የስቴም ማዕከላት ይቀድማሉ። የትግራይ ልማት ማኅበር የመቀሌው ቃላሚኖና የወላይታ ልማት ማኅበር የሶዶው ሊቃ የታወቁ ናቸው። ትጋታቸው የሚደነቅ ነው፤ መምህር መርጠው ይቀጥራሉ፣ ቤተ መጻሕፍታቸው ክፍት ነው። ግን በፈተና የተመረጡ ልጆችን ይቀበላሉ። በስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ዘጠና ያመጣችውን ልጅ ተቀብሎ በ12ኛ ክፍል ማሳለፍ አንድ ነገር ነው፤ አርባ ያመጣውን ተቀብሎ ሃምሳ ማድረስ ሌላ። የደጋ ገብስ አምራች የሁለት ማሳ ምርት ሲያወዳድር አንዱ ቦረቦር፣ ሌላው ለም መሆኑን ሳይጠይቅ አይፈርድም። ከወረዳ ትምህርት ቤቶች ጎበዞቹ ተለቅመው ወደ አዳሪ ሲሄዱ ደግሞ የቀረው ትምህርት ቤት ውጤቱም ይጎድልበታል፣ በክፍሉ ውስጥም አርአያ ያጣል። ይህ ልዩ ትምህርት ቤቶቹን ለመንቀፍ የሚነሣ አይደለም፤ ከእነሱ ጋር ሌላውን አቁሞ ማወዳደርን እንጂ።

መነሻው ደግሞ ከስምንተኛ ክፍልም ወደ ኋላ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34 ያህሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። በጊዜው ሁለተኛ ክፍል የነበሩት እነዚያ ልጆች በየዓመቱ ካለፉ 12ኛ ክፍል የደረሱት በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያላነበበ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ መማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሆንበታል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየክፍሉ የተተከለው ፕላዝማ ቴሌቪዥን ይህን ይብሱን አክፍቶት ነበር፤ ምስሉ ያምራል፣ ንግግሩ ፈጣን ነው፣ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋል። ዛሬ የተወቀሰ የሁለተኛ ደረጃ ርዕሰ መምህር «የተቀበልኩት ልጅ ማንበብ አይችልም» ሲል ሰበብ እየፈለገ ሊመስል ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን እውነቱን ነው።

በመካነ ሰላም ዙሪያ ስላለው ልጅ ሲወራ ስንቅን መዝለል አይቻልም። ወደ ዓባይ ሸለቆ ከሚወርዱት ቀበሌዎችም ሆነ ከብርዳማው ደጋ የሚመጣ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ዳቦ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ ከቤት ይዞ ይመጣል፤ ሲያልቅበት ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እሑድ ይመለሳል። ሰኞ የቀረ ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም፤ ስንቁ ያልደረሰለት አለ። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ በበልግ ዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ገበሬ አለ፤ በልግ ሲከስር ስንቅ ይቀንሳል፣ ኪራይ ይከብዳል፣ ልጅ ከትምህርት ይቀራል። የደሴ ልጅ ደግሞ በእናቱ ቤት ራቱን በልቶ፣ መብራት ስር ተቀምጦ ያጠናል፤ አቅም ያላቸው ወላጆች አስጠኚ ይቀጥሩለታል። ሁለቱ ልጆች ፈተና አዳራሽ ሲገናኙ የሚለኩት በአንድ ወረቀት ነው፤ ትምህርት ቤቶቻቸው ግን ያስተማሩት የተለያየ ሕይወት ያላቸውን ልጆች ነው።

ለሴቶች የኪራይ ቤቱ ነገር ይከፋል። ብቻዋን በከተማ የምትኖር የ15 ዓመት ልጅን ወላጅ በስጋት ነው የሚሸኛት፤ ጠያቂ ሽማግሌ ሲመጣ ደግሞ ስጋቱ ለጋብቻው ምክንያት ይሆናል። አንድ ሁለተኛ ደረጃ ከተቀበላቸው ሴቶች ስንቱን 12ኛ ክፍል እንዳደረሰ ቢነገር፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ከማለፍ መጠኑ የበለጠ ይገልጻል።

መምህሩም አለ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ለማስተማር ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል፤ በወረቀት ላይ ከተሜውም ገጠሬውም እኩል ነው። በተግባር አዲስ የተመደበ ወጣት መምህር ገጠር ይጀምራል፣ የአገልግሎት ዓመቱን ቆጥሮ ዝውውር ይጠይቃል፣ ልምድ ሲያገኝ ወደ ከተማ ይሄዳል። ሩቁ ትምህርት ቤት መምህር አሠልጣኝ፣ ከተማው ደግሞ የሠለጠነ ተቀባይ ይሆናል። በዓመቱ አጋማሽ የፊዚክስ መምህሩ የተዛወረበት ትምህርት ቤት በፊዚክስ ውጤቱ ሲወቀስ ተጠያቂው ትምህርት ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ዝውውሩን የፈረመው ጽሕፈት ቤትም አለ። በጀትም ቢሆን ወረዳው ከሚደርሰው ድጎማ አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል፤ ለኬሚካልና ለመጽሐፍ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

መንግሥት ይህን ሁሉ የሚመዝንበት መሣሪያ የለውም ማለት አይደለም። የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን በ26 ስታንዳርዶች ትምህርት ቤቶችን ይመዝናል፤ ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 ነጥብ ሰጥቶ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድባቸዋል። ከ50 በታች ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ክፋቱ አብዛኛው ትምህርት ቤት ደረጃ 1 እና 2 ላይ ስለሚከማች ለወላጅ ልዩነት አያሳይም፤ ሪፖርቱም ከጉድኝት ማዕከሉ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን መምሪያ ሲሄድ እንጂ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አይታይም። ግብዓቱን የማሟላት ኃላፊነት የወረዳው፣ የክልሉና የኅብረተሰቡ ሆኖ ሳለ ነጥቡ የሚቀነሰው ከርዕሰ መምህሩ ነው።

ሌላው ዓለም በዚህ መንገድ ሄዶ የተማረው ነገር አለ። በአሜሪካ አንድ ካውንቲ ብዙ ጊዜ አንድ የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በአንድ አስተዳደር ሥር ከ20 በላይ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃዎች አሉ፤ ልጅ የሚማረው በሚኖርበት ክልል ስለሆነ ወላጆች ቤት ከመከራየታቸውና ከመግዛታቸው በፊት የትምህርት ቤቱን ነጥብ ይመለከታሉ። ነጥቡ ከፍ ያለው አካባቢ ቤቱ ውድ ነው፤ ውድ ቤት የሚገዛው ደግሞ ያለው ነው። በዚህም ትምህርት ቤቱና የወላጁ ኪስ ተቀላቅለው አንድ ቁጥር ይሆናሉ። በእ.ኤ.አ. 1966 በጄምስ ኮልማን መሪነት የወጣው ትልቅ ጥናት በትምህርት ቤቶች መካከል ያለውን የውጤት ልዩነት ከሕንጻና ከመጽሐፍ ይልቅ የተማሪው ቤተሰብ ሁኔታ እንደሚያብራራ አሳይቶ ነበር።

እንግሊዝ ከእ.ኤ.አ. 1992 ጀምሮ የትምህርት ቤቶችን ውጤት በሰንጠረዥ ታወጣ ነበር። ተማሪ የሚመርጡት ከላይ፣ የድሃ ሰፈር ትምህርት ቤቶች ከታች ሆኑ። በእ.ኤ.አ. 2016 ሌላ መለኪያ ጨመረች፤ አንድ ተማሪ አንደኛ ደረጃን ሲጨርስ ተመሳሳይ ነጥብ ከነበራቸው የአገሪቱ ልጆች አንጻር ምን ያህል እንደተጓዘ የሚያሳይ። ጎረቤቷ ዌልስ በእ.ኤ.አ. 2001 ሰንጠረዡን ጨርሳ ተወችው። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኋላ ሁለቱን አገሮች ሲያወዳድሩ የዌልስ ውጤት ወርዶ አገኙት፤ ይበልጥ የተጎዱትም ደካሞቹ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ይህ ለኢትዮጵያ ትልቅ ትምህርት ነው። ማወዳደር ይጎዳል ብሎ መደበቅ መፍትሔ አይደለም፤ የተደበቀ ትምህርት ቤት የባሰ ይወድቃል። የሚያስፈልገው ሕዝብ ፊት የሚወጣ፣ ግን ፍትሐዊ የሆነ መለኪያ ነው።

ያ መለኪያ በደቡብ ወሎ ለመሥራት የሚከብድ አይደለም። የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለ፤ የእያንዳንዱ ልጅ ነጥብ በመዝገብ ይገኛል። ያው ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ የ12ኛ ክፍል ፈተና ይቀመጣል። ሁለቱን ነጥብ በአንድ መዝገብ ማገናኘት የዞን ትምህርት መምሪያ ባለሙያዎች በኮምፒውተር የሚሠሩት ሥራ ነው። በስምንተኛ ክፍል ተመሳሳይ ነጥብ የነበራቸው የቦረና፣ የለጋምቦ፣ የከለላና የደሴ ልጆች ከአራት ዓመት በኋላ የት እንደደረሱ ሲታይ የትኛው ትምህርት ቤት እንዳሳደጋቸው ይታወቃል። ትንሽ ለሆነ ትምህርት ቤት የሦስት ዓመት ውጤት ተደምሮ ቢሰላ የአጋጣሚው ጉዳይ ይቀንሳል። ያኔ ምናልባት አሁን «ዜሮ» ከሚባሉት አንዱ የዞኑ ምርጥ ሆኖ ይገኝ ይሆናል፤ የተመሰገነ የከተማ ትምህርት ቤትም የተቀበላቸውን ጎበዞች ባሉበት ያቆመ ሆኖ ይታይ ይሆናል።

ግን ለአሁኑ ትውልድ ከሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ትምህርት ቤቱ ስንት ሳምንት ክፍት ነበር? በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ደርሶ የወሎ ተማሪዎች ከሌላው አገር ጋር መፈተን አልቻሉም፤ በጥር ወር ለእነሱ ሁለተኛ ዙር ፈተና ተሰጠ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ሺህ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ የነበሩት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ ያስተማረን ትምህርት ቤት ሦስት ወር ብቻ በሩን ከከፈተ ጋር ማወዳደር ለማንም አይጠቅምም። በጦርነት መካከል በር ከፍቶ ያቆየ፣ ልጆቹን ከየቀበሌው ፈልጎ የሰበሰበ፣ የጎደለውን ምዕራፍ በማጠናከሪያ ትምህርት ያካካሰ መምህር ውጤቱ ምንም ይሁን ምን መዝገብ ላይ ሊሰፍር ይገባዋል። የተዘጉትን መልሶ መክፈት ደግሞ ታጣቂም መንግሥትም የሚጠየቁበት ጉዳይ ነው፤ ማንም ወገን ትምህርት ቤትን የውጊያው አካል የማድረግ መብት የለውም።

የደቡብ ወሎ ዞን ትምህርት መምሪያና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚቀጥለው ውጤት ሲወጣ ከአንዱ ቁጥር ጎን አምስት ነገር ይጨምሩ፤ ትምህርት ቤቱ ስንት ልጅ በ9ኛ ክፍል ተቀብሎ ስንቱን 12ኛ እንዳደረሰ፣ ከእነሱም ሴቶቹ ስንት እንደሆኑ፣ በየትምህርቱ አማካይ ነጥቡ ስንት እንደሆነ፣ ተማሪዎቹ ከስምንተኛ ክፍል ነጥባቸው ምን ያህል እንደተጓዙ፣ በዓመቱም ስንት ሳምንት እንደተማሩ። ይህንም በአንድ ገጽ ጽፈው በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጥፉት። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላት ደግሞ በመጀመሪያው የዓመቱ ስብሰባ ወረቀቱ የታለ ብለው ይጠይቁ።